ፎርማል ጋርደን ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ግቢ ሲመረቅ ተጠርቼ ነበር። ማይክ የያዘው ሰው ኳስ አስመስለው የከረከሟቸውን አራት ጥዶች እያሳየ «ይሄ እንግዲህ ፎርማል ጋርደን ይባላል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ለስላሳዬን ይዤ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልተንፍሰው።

ወንድሜ፣ ያ የተከረከመ ጥድ ነው። ቢያሻህ ዶሮ አስመስለው። ፎርማል ጋርደን የሚባለው ግቢው በመስመር ሲታቀድ ነው። አንድ ዋና መስመር ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ከቤቱ በር ይነሳል። የቀረው ሁሉ በዚያ መስመር ግራና ቀኝ ይመሳሰላል። በፈረንሳይ ያለውን የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግቢ ያቀደው አንድሬ ለ ኖትር እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሲሠራ ከቤተ መንግሥቱ መሃል የሚነሳ ረጅም መስመር ዘርግቷል። የተከረከመው ተክል ያንን መስመር ለዓይን የሚያሳይ ነው።

የመንዝን ባና አስቡት። ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ይወጥራል። ማጉ የሚገባው ከዚያ ነው። ድሩ ከተንጋደደ ማጉ ምን ቢያምር ባናው ተንጋዶ ይወጣል። በግቢ ሥራ ችካልና ሲባጎው ድር ነው፣ ጥዱ ማግ ነው። መቀሱስ? መጨረሻ ላይ ዘርፉን የምታስተካክልበት ነው እንጂ ባና አይሠራም። ድሩን ስትወጥሩ ማዕዘኑን በዓይን አትገምቱ። ሁለቱ ሲባጎዎች ከሚገናኙበት ተነስታችሁ በአንዱ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ፤ ጫፍና ጫፋቸው 5 ሜትር ከተራራቀ ማዕዘኑ ልክ ነው።

ምሳሌዬ የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው፤ ባና አያድግም። ችግኝ ስትተክሉት እንደ ጣት ቀጭን ነው፣ አጥር ሲሆን ግን 1 ሜትር ሊወፍር ይችላል። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተክላችሁ መሃሉን 1 ሜትር ብትተዉት፣ ከዚህም ከዚያም 50 50 ሴንቲ ይበላና መንገድ የሚባል ነገር አይኖርም። እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ። ከዚያ «ጠበቅ አድርጌ ልቁረጠው» ብዬ ቡናማው እንጨት ድረስ ገባሁ። የፈረንጅ ጥድም ሆነ የአገራችን ጥድ ቅጠል ከሌለው እንጨት ላይ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም። እዚያው ራቁቱን ቀረ። ወይራ ቢሆን ያቆጠቁጥ ነበር፣ እድገቱ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

ስለዚህ ወረቀት ላይ የሚሣለው የዛሬው ችግኝ ሳይሆን ያደገው አጥር ነው። ለሁለት ሰው መተላለፊያ 1 ሜትር ተኩል፣ ለእያንዳንዱ አጥር 1 ሜትር። መቀስ ይዞ የሚቆመውንም ሰው አትርሱት።

ሲከረከም ደግሞ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ከላይ የሰፋ አጥር የታችኛውን ፀሐይ ይከለክለዋል፤ እግሩ ይመለጣል። «ሁልጊዜ ለምለም ነው» ሲባልም ቅጠል አያረግፍም ማለት አይደለም። ባንድ ጊዜ አያረግፍም ለማለት ነው።

ካነሳነው አይቀር፣ የደጋው ውርጭ ቀልድ አያውቅም። እኔ መስከረም ከጠባ መቀስ አላነሳም፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚወጣውን ለጋ ቅጠል ጥቅምትና ኅዳር ያቃጥለዋል። አፈሩ መረሬ ከሆነም ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ቦይ ሳታወጡ ጥድ አትትከሉ።

እነዚያ አራት ጥዶች? ከግንቡ 30 ሴንቲ ርቀው ነው የተተከሉት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግማሽ ኳስ ይሆናሉ።