ስላቅና ስድብ ምንና ምን ናቸው?

ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። «ባለሥልጣኑ ጅል ነው» ስድብ ነው፤ ስለ ሥራው የሚነግረን ነገር የለም። ስላቅ ግን ድርጊቱን ይዞ ያጋንናል። ሰሚው እየሳቀ ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ ስላቅ ከሥሩ እውነት ያስፈልገዋል። ያልሰረቀን ሰው ሌባ ማለት፣ ቢያስቅም ስም ማጥፋት ነው። በቁመናው ወይም በዘሩ መቀለድማ፣ ለእኔ፣ ተራ ስድብ ነው።

ለምሳሌ አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ቶማስ ናስት እ.ኤ.አ. በ1871 የኒው ዮርኩን ሙሰኛ ፖለቲከኛ ዊልያም ትዊድን በካርቱን ሲስለው፣ በጭንቅላቱ ቦታ የገንዘብ ከረጢት አስቀመጠለት። ማንበብ የማይችልም ወዲያው ይገባዋል። ካርቱኑ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ጋዜጣ የዝርፊያውን የሂሳብ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ትዊድ በኋላ ከእስር አምልጦ ስፔን ገባ። እዚያም በናስት ካርቱን ተለይቶ ተያዘ ይባላል።