ስልክ ሠሪዎች ኮባልት ከየት ያመጣሉ? የሰለቸኝ ስህተት

ስለ ባትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ አባባል በጣም ሰልችቶኛል። ተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ስልክ አምራቹ ኮንጎ ሄዶ ከቆፋሪው ኮባልት ይገዛል» ይላል። ኧረ አይገዛም!

ኮባልት ለስልክ ባትሪ የሚገባ ብረት ነው፤ ከዓለም ኮባልት ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። ኮልዌዚ ከተማ ዙሪያ በእጁ የሚቆፍር ሰው ድንጋዩን በጆንያ ሞልቶ መንገድ ዳር ላለ ነጋዴ ይወስዳል። ነጋዴው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ደግኖ የኮባልቱን መጠን ያያል፣ ይመዝናል፣ ይከፍላል። ማን እንደቆፈረው የሚጠይቅ ብዙም የለም። ጆንያው ከሌላው ጋር ይደባለቃል፣ ፋብሪካ ገብቶ በአሲድ ይሟሟል፣ በመርከብ ወደ ቻይና ይጫናል። አብዛኛው የዓለም ኮባልት የሚጣራው እዚያ ነው። አጣሪው ለካቶድ (የባትሪው ፖዘቲቭ ክፍል) ሠሪ፣ ካቶድ ሠሪው ለባትሪ ሠሪ ይሸጣል። ስልክ አምራቹ ጋ የሚደርሰው ያለቀለት ባትሪ ነው።

ወሳኙ ቦታ እንግዲህ ማጣሪያው ነው። እዚያ ከተደባለቀ በኋላ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ መለየት እጅግ ከባድ ነው። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 እ.ኤ.አ. 16 ትልልቅ ኩባንያዎችን ጠይቆ፣ የኮባልታቸውን መነሻ ማረጋገጥ የሚያስችል በቂ መረጃ የሰጠ አንድም አልነበረም። አንድ ተማሪዬ ስለዚሁ ጉዳይ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያመጣ፣ ማጣሪያ የሚለው ቃል አንዴም አልነበረበትም። እንደገና እንዲጽፈው መለስኩለት።

«ታዲያ በቀጥታ የሚገዛ የለም?» አለ፣ ግን ጥቂት ነው። መኪና ሠሪው ቢኤምደብሊው በ2020 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮው ማዕድን አውጪ ማናጄም ጋር የ100 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ውል ገብቶ፣ ኮባልቱን ራሱ ገዝቶ ለባትሪ ሠሪዎቹ ለማቅረብ ተስማማ።

«ውል ካለ ሥጋት የለም» የሚሉም አሉ። አለ እንጂ! ኮንጎ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ኮባልት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደች፤ በኋላም በኮታ አደረገችው። ውል የያዘውም ያልያዘውም ነገሩ ነካው።

«ዋጋው ከናረ ምርቱ ይጨምራል» ይላሉ። እንዲህ ቀላል አይደለም። ኮባልት በብዛት የሚገኘው ከመዳብና ከኒኬል ጋር ተያይዞ ነው። ማዕድን ማውጫው በዋናነት የሚያየው የመዳቡን ወይም የኒኬሉን ዋጋ ነው።

«የሊቲየም ባትሪ ስለሆነ ዋናው ሊቲየም ነው» የሚሉም አሉ። በስልክ ባትሪ ካቶድ ውስጥ በክብደት 60 በመቶው ኮባልት ሲሆን ሊቲየሙ 7 በመቶ ብቻ ነው።

«እኛም ኢትዮጵያ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ ሊቲየም አለን፣ ስልክ ሠሪዎች ለምን አይመጡም?» ድንጋዩ ብቻውን አይጠራቸውም፤ ይኸው የማጣሪያ ጉዳይ ነው።

ኩባንያ «ኮባልታችን ንጹሕ ነው» ካላችሁ የማጣሪያዎቹን ስም ዝርዝር ጠይቁት። አፕል የራሱን ያወጣል። ስሞቹን ይዛችሁ እያንዳንዱ ማጣሪያ ኮንጎ ውስጥ ከማን እንደሚገዛ፣ ማንስ ገብቶ እንደሚቆጣጠረው ፈልጉ። ስለ ማዕድን ማውጫው ፎቶ ብቻ የሚያሳያችሁን ግን አትመኑት።