«ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም» እና ሌሎች ተመራቂዎችን ወደ ኋላ የሚያስቀሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት የሥራ ማመልከቻዎችን አንብቤአለሁ፣ ቃለ መጠይቅ አድርጌአለሁ፣ ሥራ ያላገኙ ተመራቂዎችንም ቁጭ ብዬ አነጋግሬአለሁ። ከእነርሱም ሆነ ከወላጆቻቸው አንደበት ሳልሰማው የቀረሁበት ዓመት የሌለ አንድ አባባል አለ፤ እርሱም «ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም» የሚለው ነው። ይህ አባባል ብዙ ጎበዝ ወጣቶችን ለወራት ቤት ሲያስቀምጥ ስላየሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን በአጭሩ ሊታረሙ የሚችሉትን ላስቀድም።

«የመጀመሪያ ሥራ የዕድሜ ልክ ዕጣን ይወስናል» ይባላል። አይወስንም። የመጀመሪያው ሥራ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የሚማሩበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ የሕልሜ ሥራ ነው ወይ?» ሳይሆን «እዚህ አንድ ዓመት ብቆይ ለሌላ ቀጣሪ ላሳየው የምችል ምን ሙያ ይዤ እወጣለሁ?» የሚለው ነው።

«ሲቪ በረዘመ ቁጥር ክብደት ይኖረዋል» የሚለውም ስሕተት ነው። ለአዲስ ተመራቂ አንድ ገጽ ይበቃል፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው የገጹን የላይኛውን ክፍል ስለሆነ ዋናው ነገር እዚያ ይጻፍ።

«ልምድ የለኝም» የሚለው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የጎደለው ልምዱ ሳይሆን አጻጻፉ ነው። በአንድ ወቅት አንድ የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ በማመልከቻው ላይ «በተግባር ልምምድ ተሳትፌአለሁ» ብቻ ብሎ ጽፎ መጣ። በቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደሠራ ስጠይቀው፣ በመጋዘን ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ለሦስት ሳምንት አንድ በአንድ እየቆጠረ ከመዝገብ ጋር እንዳመሳከረ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደረሰኝ አግኝቶም ለኃላፊው እንዳሳወቀ ነገረኝ። ይህን የሠራ ሰው ልምድ የለውም ሊባል አይችልም። ወረቀቱ ላይ መስፈር የነበረበት ያ ደረሰኝ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥነት፣ ታናናሽ ተማሪዎችን ማስጠናት ሁሉ «ምን ሠራሁ? ምን ተገኘበት?» ተብሎ ሲጻፍ ልምድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። በመጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ አድልዎ አለ። እኔ ራሴ ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት በፈተና አንደኛ የወጣች አመልካች ቀርታ የኃላፊ ዘመድ ሲቀጠር አይቻለሁ፤ ተቃውሞዬን በጽሑፍ ባቀርብም ሰሚ አላገኘሁም። ስለዚህ የተመራቂዎች ምሬት መሠረት የለውም አልልም። ችግሩ ከዚህ እውነት የሚደርሱበት ድምዳሜ ነው። «ዘመድ የሌለው ሥራ አያገኝም» ካሉ በኋላ ዘመድ የሌላቸው ተስፋ ቆርጠው ይቀመጣሉ፤ ያላቸው ደግሞ የአጎታቸውን ስልክ ሲጠብቁ ዓመቱ ያልፋል። ሁለቱም የሚዘነጉት ሰው የሚሰጠው እርዳታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ወንበሩን ማስያዝ ነው፤ ይህ አድልዎ ነው። ሁለተኛው ወንበር ባዶ መሆኑን መንገር ነው፤ ይህ ወሬ ነው፤ ወሬ ለመስማት ደግሞ የሥጋ ዝምድና አያስፈልግም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራው ታዋቂ ጥናት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በቦስተን አቅራቢያ በምትገኝ ከተማ የሚኖሩ፣ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን የነገራቸውን ሰው አዘውትረው፣ ማለትም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ ብቻ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ያገኙት ከነበረ ሰው ነው የሰሙት። በሌላ አነጋገር፣ ብዙዎቹ ሥራ ያገኙት በቅርብ ዘመድ ወይም በልብ ጓደኛ ሳይሆን በሩቅ ትውውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሊንክድኢን በተባለው የሙያተኞች መገናኛ ላይ 20 ሚሊዮን በሚሆኑ ሰዎች መካከል ለአምስት ዓመት የተካሄዱ ሙከራዎችን መርምሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፤ ለሥራ ለውጥ ይበልጥ የጠቀመው እጅግ የቀረበው ትውውቅ ሳይሆን መጠነኛ ርቀት ያለው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ወላጆቻችሁ፣ ወንድሞቻችሁና አብረዋችሁ ያደሩ ጓደኞቻችሁ የሚሰሙት እናንተ የምትሰሙትን ነው፤ የሚያውቁትም እናንተ የምታውቋቸውን ሰዎች ነው። በጣም ይወዷችኋል፣ ነገር ግን አዲስ ወሬ የላቸውም። ለሁለት ወር የተለማመዳችሁበት ቢሮ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን መረጃ ስትሰበስቡ የረዳችሁ ቴክኒሺያን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀው የትምህርት ክፍላችሁ ልጅ ግን በሌላ ዓለም ውስጥ ይውላሉ። እዚያ የሚወራው እናንተ ጋ አይደርስም፤ እነርሱ ካልነገሯችሁ በስተቀር።

አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ እኔ ዘንድ በመጣች ጊዜ ስምንት ወር ሥራ ፈልጋ ነበር። ሥራ እንደምትፈልግ ለማን እንደነገረች ጠየቅኋት። አባቷን፣ አጎቷንና ሦስት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን ጠራችልኝ። «የተለማመድሽበት ቤተ ሙከራ ሰዎችስ?» ስላት «እነርሱማ ረስተውኛል፤ ደግሞም ማስቸገር ይሆንብኛል» አለችኝ። ይህችን መልስ የማልሰማበት ወር የለም፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። እዚያው ቁጭ ብለን ለአንዱ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ይህን ጻፍን፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት በቤተ ሙከራችሁ ለሁለት ወር የተለማመድኩ ተማሪ ነኝ፤ የውኃ ናሙናዎችን መዝገብ አያያዝ ያሳዩኝ እርስዎ ነበሩ። አሁን ተመርቄ በጥራት ቁጥጥር ዘርፍ ሥራ እየፈለግኩ ነው። በዚህ ዘርፍ ማን ሠራተኛ እንደሚፈልግ የሰሙት ነገር ካለ ቢጠቁሙኝ፣ ወይም ለ15 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።» መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ባለሙያው አልረሳትም ነበር። በእርሱ ቤተ ሙከራ ክፍት ቦታ ባይኖርም ናሙና የሚልክላቸው አንድ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ነገራት። አመለከተች፣ ከሌሎች ጋር ተፈተነች፣ በራሷ ውጤት አለፈች። ማንም ወንበር አላስያዘላትም፤ የነገራት ሰው ግን ነበር።

መልእክቱ ለምን እንደሠራ ልብ በሉ። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች የሚያስታውስ አንድ ተጨባጭ ነገር አለበት፤ የምትፈልገው ዘርፍ ተለይቷል፤ የተጠየቀውም ትንሽ ነገር ነው። «እባክዎ ሥራ ይፈልጉልኝ» የሚል መልእክት ተቀባዩን ሊሸከመው የማይችል ዕዳ ስለሚያስይዘው ዝም እንዲል ያደርገዋል። የምትሰሩትን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። በአንድ ወረቀት ላይ በትምህርትና በልምምድ ዘመናችሁ ያወቋችሁን 30 ሰዎች ጻፉ፤ የቅርብ ቤተሰብ አይቆጠርም። በሳምንት ለአምስቱ ለእያንዳንዳቸው የተለየ መልእክት ላኩ፤ አንዱን ጽፋችሁ ለሁሉም አታባዙት። መልስ ያልሰጠን ሰው ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት። የረዳችሁን ሰው ነገሩ ቢሳካም ባይሳካም ውጤቱን ንገሩት፤ ይህን የሚያደርጉ ተመራቂዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ የሚያደርጉት አይረሱም። ይህን ሁሉ ስታደርጉ በይፋ የወጡ ማስታወቂያዎችን መከታተልና ማመልከት አትተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሥራው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይከተላል። ብዙ አዲስ ተቀጣሪዎች «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ይዘው ይገባሉ፤ ጥያቄ መጠየቅ አለማወቅን ያጋልጣል ብለውም ይፈራሉ። በሥራ ቦታ ዝምታ ይነቅዛል። በመጀመሪያው ወር የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስገርምም፤ በሰባተኛው ወር የሚጠየቀው ያው ጥያቄ ግን «እስካሁን ሳታውቀው ነው ስትሠራ የቆየኸው?» ያስብላል። ጠይቁ፣ መልሱን በማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ያንኑ ጥያቄ ሁለተኛ አትጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ቶሎ እጨርሳለሁ ማለት ትጉ ያስብላል» የሚለው እምነት ነው። ሰው ለራሱ ሥራ የሚበቃውን ጊዜ አሳንሶ እንደሚገምት በሚገባ የተረጋገጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለመጨረስ የተቃረቡ የሥነ ልቦና ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 33.9 ቀን ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ መቼ እንዳለቀ ስታስታውሱ ይህ ለእናንተም አዲስ አይሆንም። ስለዚህ አለቃችሁ «መቼ ይደርሳል?» ሲል ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቃችሁ መልሱ፤ እንደሚዘገይ ካወቃችሁም ቀኑ ሳይደርስ ተናገሩ። በቀኑ ከሚነገር ሰበብ ይልቅ ከሦስት ቀን በፊት የሚነገር መዘግየት ይቅር ይባላል።

በመጨረሻም ገንዘብ። «ደመወዜ ሲያድግ እቆጥባለሁ» የሚል ወጣት ደመወዙ ሲያድግ ወጪውም አብሮ እንደሚያድግ አላሰበም። ከዚያ በላይ የሚያስቆጨኝ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ወለዱ እንዳይወጣ ሆኖ በዓመት 8 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በ9 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ 72ን ለወለዱ መጠን በማካፈል ማንም ሊያሰላው ይችላል። በ23 ዓመት ዕድሜ የተቀመጠ ገንዘብ በ59 ዓመት አራት ጊዜ ተጣጥፎ 16 እጥፍ ይደርሳል፤ በ32 ዓመት የተቀመጠው ግን 8 እጥፍ ላይ ይቀራል። የዋጋ ንረት ከወለዱ ከበለጠ ይህ ስሌት በቁጥር እንጂ በመግዛት አቅም አይሠራም፤ ስለዚህ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ መመርመርም ያስፈልጋል። ከፍተኛ ወለድ ያለበት ዕዳ ያለባችሁ ደግሞ ያው ስሌት በእናንተ ላይ እየሠራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እርሱን ክፈሉ። ቀጥሎ የሦስት ወር ወጪያችሁን የሚሸፍን መጠባበቂያ አስቀምጡ፤ ይህ ገንዘብ ያለው ሰው የማይመቸውን ሥራ ለመልቀቅ ጭንቅ ውስጥ አይገባም። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ባንኩ በደመወዝ ቀን ራሱ ቀንሶ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲያዛውረው ትእዛዝ ስጡ፤ ከወሩ መጨረሻ የሚተርፈውን ለመቆጠብ የሚጠብቅ ሰው በአብዛኛው የሚቆጥበው አይተርፈውም።