በበዓለ ሃምሳ የጾሙት እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአንዱ ረቡዕ፣ በሰፈራችን በቀበሌ ቤት ብቻቸውን ወደሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ቢሆንም የከሰል ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ድስቱም ታጥቦ ተደፍቷል። «እማማ፣ ምሳ በሉ እንዴ?» ብላቸው፣ «ዛሬ ረቡዕ አይደል ልጄ፣ ጾም ነኝ» አሉኝ። እኔም በመንፈሳዊ ትጋታቸው እየተደነቅሁ ተሰናብቼ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ሆነ ዓርብ እንደማይጾም እኔ ብዘነጋው እንኳ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልተለዩት እማማ ሊዘነጉት አይችሉም። እማማ አልጾሙም፤ ርቧቸው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ሳነብ ያ የቀዘቀዘ ምድጃ ይታየኛል። እኛ ማክበርን ከወንበር መነሣት፣ አንቱ ማለት፣ ጉልበት መሳምና ምርቃት መቀበል አድርገን ይዘነዋል። ይህ መልካም ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥32 በሽበታሙ ፊት መነሣት ታዝዟልና። ነገር ግን ጌታችን ራሱ ይህን ትእዛዝ ሲተረጕም የተናገረው ስለ ገንዘብ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፣ ፈሪሳውያን ልጅ ለወላጆቹ መጦሪያ የሚሆነውን ሀብት «ቁርባን ነው» ብሎ ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ካደረገው፣ ከዚያ ወዲያ ለአባቱና ለእናቱ ምንም እንዲያደርግ አይፈቅዱለትም ነበር፤ ጌታም በዚህ ወግ የእግዚአብሔርን ቃል ሻሩ ብሎ ወቀሳቸው። ያ ሰው አባቱን አልሰደበም፤ ምናልባትም ባገኘው ቁጥር ጉልበቱን ይስም ነበር። ጥፋቱ እንጀራውን መከልከሉ ነው፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በአንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 «ባልቴቶችን አክብር» ካለ በኋላ የሚዘረዝረው ማን ማንን መርዳት እንዳለበት፣ ማንስ በመዝገብ መጻፍ እንዳለበት ነው። በሐዲስ ኪዳን በግሪኩ ክብር ተብሎ የተተረጐመው ቃል ዋጋ ማለትም ነው። በመዝገቡ የምትጻፈው ባልቴት ዕድሜ ደግሞ ከ60 ዓመት እንዳያንስ ሐዋርያው ወስኗል። እንዳጋጣሚ ሆኖ ይህ በአገራችን ሠራተኛ በጡረታ የሚገለልበት መደበኛ ዕድሜ ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የአረጋውያን መዝገብ ነበራት ማለት ነው። ዛሬ በየአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች መዝገብ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት መዝገብ፣ የአሥራት መዝገብ አለን፤ በአጥቢያው የሚኖሩ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የተጻፉበት መዝገብ ግን ስንቶቻችን ዘንድ ይገኛል?

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ሳይረዱ መርዳት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጥቂት ስለ ጡረታ ላንሣ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመኑና ሥራ ከማቆሙ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ነው። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ነርስ አበሉ የተቈረጠለት በዚያን ዘመን ደመወዝ ነው፤ በየጊዜው ጭማሪ ቢደረግም፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ እንደሚሮጠው አይሮጥም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በግል ድርጅት ሠርተው ያረጁ ብዙዎች ምንም የላቸውም። ልብስ አጥበው፣ እንጀራ ጋግረው ሸጠው፣ ጉሊት ቸርችረው ልጆች ያሳደጉ እናቶች ከመጀመሪያውም በየትኛውም መዝገብ አልተጻፉም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ምን ያህል እንደናረ፣ ለሽማግሌ አባቱ የደም ግፊት ክኒን የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። እማማ ክኒናቸውን በምላጭ ለሁለት ከፍለው በክብሪት ቀፎ ያስቀምጡት ነበር፤ የአንድ ወሩን ለሁለት ወር ለማድረስ።

«ልጆቻቸውስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ መነሣትም አለበት። ሐዋርያው ቅድሚያ የሚያዝዘው ልጆችንና የልጅ ልጆችን ነው፤ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ «ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» ይላል። ከዚህ የከበደ ቃል በመልእክቶቹ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ሆኖም ይህ ቃል ልጆችን ለመውቀስ እንጂ ጎረቤትን ነፃ ለማውጣት አልተጻፈም። «ልጃቸው አረብ አገር ናት» ብለን የምናልፋቸው እናት፣ ልጃቸው ደመወዝ ተከልክላ ወራት ያለፏት ሊሆን ይችላል። «ልጃቸው አሜሪካ ነው» የምንላቸው አባትም፣ የተላከላቸውን ገንዘብ ለልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ከፍለው እርሳቸው በባዶ ሽሮ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ዮሴፍ በባዕድ አገር ሳለ ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «አባቴ እስከ አሁን በሕይወቱ ነውን?» የሚል ነበር፤ ከዚያም እህል በአህያ ጭኖ ላከ። ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስትደውሉ «ደኅና ነን» የሚለውን መልስ እንደ ወረደ አትቀበሉት፤ ትናንት ምን እንደበሉ ጠይቁ።

ስለ ዕድራችንና ስለ ተዝካራችንም አንድ ነገር ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን መጸለይንና በስማቸው መመጽወትን ታስተምራለች፤ ይህን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። ነገር ግን በቁማቸው ሳሉ በሩብ ሊትር ዘይት ወር ይገፉ የነበሩ አረጋዊ፣ ባረፉ በአርባኛው ቀን በሬ ታርዶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት መቶ ሰው ሲበላላቸው አይቻለሁ። ከዚያ ድግስ ሲሶው በሕይወት ሳሉ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢደርሳቸው ኖሮ ምናልባት አርባው ራሱ ይዘገይ ነበር። ፈሪሳውያን «ቁርባን» ብለው የዘጉትን በር እኛ በተዝካር ስም እንዳንዘጋው እፈራለሁ።

እንዴት እንርዳ? መጽሐፈ ሩት ይህን በሚገባ ያስተምራል። ኑኃሚን አርጅታ፣ ባልና ልጆች ሞተውባት፣ ባዶ እጇን ተመልሳለች፤ የምትበላው ሩት ከእርሻ የምትቃርመውን ነው። ቦዔዝ ይህን ሲያውቅ ጆንያ ሙሉ እህል ተሸክሞ በመንደሩ መካከል ወደ ኑኃሚን ቤት አልገባም። አጫጆቹን ጠርቶ ከነዶው እያስቀሩ እንዲጥሉላት፣ እንዳያሳፍሯትም አዘዛቸው። ማታ አሮጊቷ እጅ የገባው እህል ምጽዋት ሳይሆን የምራቷ የድካም ፍሬ ሆኖ ነው። እኛ ግን በበዓል ዋዜማ አንድ ዶሮና አምስት ሊትር ዘይት ይዘን ሄደን፣ አረጋዊቷን አጠገባችን አቁመን ፎቶ እንነሣለን። ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚጠይቃቸው የለም፤ ሰው ደግሞ የሚራበው በዓል በሌለበት ቀን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተነሣው ማጕረምረም ባልቴቶች «በየቀኑ» ከሚደረገው አገልግሎት ቸል በመባላቸው ነበር። ጥቅምት 17 ቀን የምናከብረው የቅዱስ እስጢፋኖስ የዲቁና ሹመት የመጣው ከዚህ ነው፤ ዲቁና ሲጀመር የባልቴቶችን ማዕድ ለማሟላት ተጀመረ።

መቄዶንያን የመሳሰሉ ማዕከላት በጎዳና የወደቁ አረጋውያንን ያነሣሉ፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። በራቸውን ዘግተው «ጾም ነኝ» የሚሉትን ግን ሊያገኛቸው የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው። እኛም በሰንበቴያችን ተመካክረን ለእማማ እርዳታ ከማቅረብ ይልቅ ሥራ ጠየቅናቸው፤ የአካባቢው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማንበብና ሒሳብ እንዲያስጠኑልን። ወላጆች በየወሩ መጀመሪያ ጤፍ፣ ሽሮና ከሰል የሚያደርሱት የአስጠኚ ወጪ ብለው ነው፤ መድኃኒታቸውን ደግሞ ከአባላቱ አንዷ ነርስ ተከታትላ ትገዛለች። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል «በነፃ ነው የማስተምረው» ብለው ተከራክረውን ነበር።

በዓመቱ፣ በዚያው በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕ ቀን ሄድሁ። አራት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ ምድጃው ላይ የእንቁላል ፍርፍር ይንጫጫል። «እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» አልኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «በሃምሳው ውስጥ ጾም የለም፤ ቀና ብለህ እጅህን ታጠብ» አሉኝ።