የማሳ ስፋት አሰላል፦ በወሎ ገጠር የሚዘወተሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወሎ ገጠር ማሳ ለእኩል ሲሰጥ፣ ውርስ ለልጆች ሲከፈል ወይም ለዘሩ የሚበቃ ማዳበሪያ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ጥማድ ይሆናል?» የሚለው ነው። ገመዱ በትክክል ተወጥሮ፣ ቁጥሩም በትክክል ተመዝግቦ ስሌቱ ግን የሚስትበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ ወንድማማቾችን በሽማግሌ ፊት የሚያቆመውም አንዳንዴ ይኸው ነው።

«ዙሪያቸው እኩል የሆኑ ማሳዎች ስፋታቸውም እኩል ነው»

አይደለም። እያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ማሳ ዙሪያው 400 ሜትር፣ ስፋቱም 10,000 ካሬ ሜትር ማለትም አንድ ሄክታር ነው። 150 ሜትር ርዝመትና 50 ሜትር ወርድ ያለው ማሳም ዙሪያው 400 ሜትር ነው፤ ስፋቱ ግን 7,500 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 20 ሜትር ሲሆን ደግሞ ዙሪያው ሳይለወጥ ስፋቱ ወደ 3,600 ካሬ ሜትር ይወርዳል። እርከን ተከትሎ እንደ መቀነት የተዘረጋ ማሳ በበዛበት አገር ውርስን በዙሪያ ገመድ የሚያካፍል ሰው፣ ሳያውቀው ለአንዱ ልጅ ከሌላው እጥፍ በላይ ሊሰጥ ይችላል።

«አራት ጎን ላለው ማሳ ፊት ለፊት የሚተያዩ ጎኖችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያም ሁለቱን ውጤቶች ማባዛት ይበቃል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ምክንያቱም ስሌት ስለሚመስል ማንም አይጠራጠረውም። ዘዴው ትክክል የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ማዕዘኑ በተጣመመ ቁጥር ውጤቱ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት ይበልጣል እንጂ አያንስም። በአራት ምስማር ብቻ የተያያዘ የእንጨት ክፈፍ ወደ ጎን ሲገፋ ጎኖቹ ሳያጥሩ መሐሉ እየጠበበ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የአራት ጎኖች ርዝመት ብቻውን የማሳውን ስፋት አይወስነውም።

ጎኖቹ በተራ 80፣ 50፣ 70 እና 40 ሜትር የሆኑ ማሳ እንውሰድ። በተለመደው ዘዴ የ80 እና የ70 አማካይ 75፣ የ50 እና የ40 አማካይ 45 ይሆንና ሲባዙ 3,375 ካሬ ሜትር ይወጣል። አሁን አንድ ተጨማሪ ልኬት እንጨምር፤ የ80 ሜትሩ ጎን ከሚጀምርበት ጥግ ተነስተን ማሳውን አቋርጠን ፊት ለፊቱ እስካለው ጥግ ስንለካ 60 ሜትር አገኘን እንበል። ማሳው በዚህ መስመር ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። የመጀመሪያው ጎኖች 80፣ 50 እና 60 ናቸው፤ ድምራቸው 190፣ ግማሹ 95 ነው። ከ95 ላይ እያንዳንዱን ጎን ስንቀንስ 15፣ 45 እና 35 እናገኛለን። 95ን ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ጋር አባዝተን በስልክ ካልኩሌተር ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ 1,498 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሁለተኛውን በዚሁ መንገድ ብንሠራ 1,198 ስለሚሆን፣ የማሳው እውነተኛ ስፋት 2,696 ካሬ ሜትር ነው። የተለመደው ዘዴ 679 ካሬ ሜትር፣ ማለትም (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ቢባል) ከሩብ ጥማድ በላይ፣ ከሌለበት ፈጥሮ ጨምሯል። ጥጉ ከአራት ለበለጠ ማሳ ሦስት ማዕዘኖቹን ማብዛት ነው እንጂ ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም።

«ሁለተኛው ደረጃ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲመጣ መሬቴ ተቆረጠ»

በመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ ብዙ ማሳ የተለካው በገመድ፣ ገመዱም በተዳፋቱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ግን ከላይ በተነሳ ምስልና በጂፒኤስ ስለሚሠራ፣ በካርታው ላይ የሚሰፍረው አግድም ስፋት ነው። በአምባሰል ወይም በኩታበር ዳገት፣ በየ100 ሜትር አግድም ርቀት 50 ሜትር የሚወጣ ተዳፋት ላይ፣ መሬት ለመሬት 100 ሜትር የሚረዝም ገመድ በካርታ ላይ 89 ሜትር ከ44 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቁሉም ወርዱም በገመድ 100 ሜትር የነበረው «አንድ ሄክታር» በደብተሩ 8,944 ካሬ ሜትር ሆኖ ይመጣል፤ የድንበሩ ድንጋይ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በቆቦ ሜዳ ላይ ቢሆን ይህ ልዩነት ከነጭራሹ አይታይም ነበር።

ገበሬው «እኔ የማርሰው ዳገቱን እንጂ ካርታውን አይደለም» ቢል፣ በሬዎቹ የሚረግጡት በእርግጥ ረጅሙን ስለሆነ ከድካም አንጻር አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ ዝናብ የሚወርደው፣ አዝመራም የሚቆመው ቀጥ ብሎ በመሆኑ፣ ማሳዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸር የሚያገለግለው አግድሙ ልክ ነው። በሜትር የሚለካ ሰውም ቁልቁል ሲወርድ ሜትሩን በአጭር በአጭሩ አግድም እየወጠረ፣ ከፍ ካለው ጫፍ ላይ ድንጋይ በክር አንጠልጥሎ ነጥቡን መሬት ላይ ቢያሳርፍ እዚሁ ውጤት ላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲባል የመዝገብ ስህተት የለም ማለት አይደለም፤ መረጃው ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ከስፋቱ ቁጥር ይልቅ በአራቱም አቅጣጫ የተጻፉትን አዋሳኞችና የማሳውን ጥጎች አስተያይቶ ቅሬታ ማቅረብ ይሻላል።

«ጥማድ የትም ጥማድ ነው»

ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ የጃማን ዋልካ የሚያርስ በሬና ቀላል አሸዋማ አፈር የሚያርስ በሬ ደግሞ በአንድ ቀን እኩል አይውሉም። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው የሚለው ለሒሳብ እንዲመች የተያዘ ስምምነት ነው። ስለዚህ በውል ላይ ጥማዱ ሲጻፍ ካሬ ሜትሩም አብሮ ቢጻፍ ይመረጣል።

«ግማሽ ሄክታር 50 በ50 ነው»

50 በ50 ሜትር 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው፤ ግማሽ ሄክታር የሚሆነው በየጎኑ 71 ሜትር ገደማ ያለው ማሳ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚጠራው ኤከር ደግሞ 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ የሄክታር ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«በስልኬ ዞሬ ስለለካሁት አይሳሳትም»

የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ እንኳ እስከ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ገደል ሥርና ባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል። በ50 በ50 ማሳ ላይ እያንዳንዱ ዳር 3 ሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ ስፋቱ 3,136 ካሬ ሜትር ሆኖ ሩብ ያህል ይጨምራል፤ በአንድ ሄክታር ላይ ግን ያው ስህተት 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልክ ለትልቅ ማሳ ግምት ይረዳል፤ ለጥማድ ክፍፍል ግን ሜትር ይሻላል። የስልኩ ነጥብ ከካርታው ነጥብ ወደ 200 ሜትር ርቆ ቢገኝ ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ ስልኩ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን የዓለም የቦታ ልኬት መነሻ ሲሆን፣ በአገራችን ካርታዎች ሲሠራበት የኖረው አዲንዳን የተባለው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ የማሳውን አድራሻ እንጂ ስፋቱን አይለውጡትም።