ገደል ላይ የበቀለው ይነቀል? ስለ መወጣጫ መስመሮች ጽዳት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ገደል መውጣትን እንደ ስፖርት የያዙ ሰዎች አዲስ መስመር ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በመውጣት ሳይሆን በማጽዳት ነው። ከአፋፉ በገመድ ይወርዳሉ፤ የላላውን ድንጋይ ያራግፋሉ፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አፈር ፍቀው ያወጣሉ፤ ቁጥቋጦውን ይነቅላሉ፤ ጣትና እግር የሚያርፍበትን ቦታም በብሩሽ ይፈገፍጋሉ። እንግሊዞች ይህን ነቀላ «ጋርደኒንግ»፣ ማለትም አትክልት መንከባከብ፣ ይሉታል፤ ስያሜው ራሱ ነገሩ ምን ያህል ቀልሎ ይታይ እንደነበር የሚያሳይ ይመስለኛል። በዚህ ልማድ ላይ ከሚነቅሉትም ከሚያወግዙትም ወገን የሚሰነዘሩ የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገደል ባዶ ድንጋይ ነው፤ የበቀለበትም ትናንት የመጣ ቁጥቋጦ ነው።»

ለዚህ አባባል ከሁሉ የተሻለው መልስ የሚገኘው በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በተዘረጋው ረጅሙ የናያግራ ገደላማ ሸንተረር ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከቶሮንቶ ተነስቶ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው ይደርስበታል፤ ስፖርተኞችም ለብዙ ዓመታት ሲወጡት ኖረዋል። በገደሉ ፊት ላይ የጥድ ዘመድ የሆነ፣ ነጭ ሴዳር የሚባል፣ ቀጭንና የተጣመመ ዛፍ ከስንጥቆቹ ወጥቶ ይታያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ዳግ ላርሰንና ባልደረቦቹ ከእነዚህ ዛፎች ግንድ ቀጫጭን ናሙናዎችን ወስደው የዕድሜ ቀለበቶቹን ቆጠሩ። ብዙዎቹ የመቶዎች ዓመታት ባለዕድሜ ሆነው ሲገኙ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ያለፉም ነበሩ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው በፊት የበቀለ ዛፍ፣ መንገድ ዘጋ ተብሎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊቆረጥ ይችል ነበር ማለት ነው።

ስሕተቱ የመነጨው መጠንን ከዕድሜ ጋር ከማምታታት ነው። ገደል ላይ አፈሩ ጥቂት ስለሆነና ሥሩም በስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚኖር፣ ዛፉ የሚያድገው በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ ነው። ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ገደል ላይ የተገኘ አንድ ነጭ ሴዳር በ155 ዓመት ውስጥ ቁመቱ 10.2 ሴንቲሜትር እንኳ አልሞላም ነበር። በሌላ በኩል ግን ገደሉ የደን ቃጠሎ የማይደርስበት፣ እንጨት ቆራጭም የማይመኘው ቦታ በመሆኑ፣ በሜዳው ላይ ያሉት ወገኖቹ ሲመነጠሩ እርሱ ተርፏል። ከመጥረቢያ የተረፈውን ዛፍ በመጨረሻ የደረሰበት ገመድ ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ በ1990ዎቹ በዚሁ ሸንተረር የተደረገ ጥናት፣ በሚወጡት ፊቶች ላይ ዛፎቹ ቁጥራቸው እንዳነሰና የቀሩትም ጉዳት እንደሚታይባቸው አሳይቷል።

«የተነቀለው መልሶ ይበቅላል።»

አንዳንዱ በእርግጥ ይበቅላል። ዝናብ በማይለየው የካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በስኳሚሽ፣ ለጥቂት ዓመታት ሰው ያልወጣበት መስመር ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚነጠፈው አረንጓዴ ሽበት ተመልሶ ይሸፈናል፤ ይህን ያየ ሰው ተፈጥሮ ሁሉን ትመልሳለች ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በድንጋይ ላይ እንደ ቀለም ፍንጣቂ ተለጥፈው ከሚታዩት ሊችኖች አንዳንዶቹ በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማያድጉ ስለሆኑ፣ በሽቦ ብሩሽ በደቂቃ የተፋቀው ክብ ነገር ከፋቂው ዕድሜ በላይ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ፣ መልሶ የሚበቅለው የተነቀለው ራሱ ላይሆን ይችላል። በ2002 በናያግራ ሸንተረር ላይ የወጣ ጥናት፣ በሚወጡ ቦታዎች ካሉት ዕፅዋት 81 በመቶው መጤ ሲሆኑ፣ ሰው በማይወጣባቸው ግን መጤዎቹ 27 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል።

«ራቁቱን የቀረ ገደል ካየህ፣ ስፖርተኞች መላጣ አድርገውታል።»

ይህኛው የአውጋዦቹ ስሕተት ነው። ከጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ ገደል ወጪዎች በጠባዩ እርከንና ስንጥቅ ያነሰበትን ፊት መምረጥ ስለሚወዱ፣ የዕፅዋቱ ልዩነት በብዙው የሚመጣው ከመውጣቱ ሳይሆን ከድንጋዩ ቅርጽ ነው። እኔ ይህና የ2002ቱ ጥናት የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ለጥ ያለ ፊት ላይ የሚነቀል ነገር ጥቂት ነው፣ ስንጥቅና እርከን የበዛበት ላይ ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው መውጣት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ሳይሆን የትኛው ፊት ይመረጥ የሚለው ይሆናል።

«ማንም ያላረሰው ገደል ነውና ሕግ አይመለከተውም።»

ቢያንስ በብሪታንያ ይመለከተዋል። የ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር አካባቢ ሕግ ማንኛውንም የዱር ተክል ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ከሥሩ መንቀልን ይከለክላል፤ ወፍ የምትጠቀምበትን ጎጆ ማፍረስም በዚያው ሕግ ወንጀል ነው።

«ብሩሽ የሚያነሳው ቆሻሻውን ብቻ ነው።»

በጥቁር ድንጋይ ላይ ይህ እምብዛም ስሕተት አይሆንም። አሸዋማ ድንጋይ ግን ውጪው ቅርፊት ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ በመሆኑ፣ የሽቦ ብሩሽ ቅርፊቱን ከገፈፈው በኋላ መያዣው ራሱ እየተሸረሸረ ይሄዳል።

«እንግዲያው ጨዋ ሰው ምንም አይነካም።»

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም መልካም ሐሳብ አለበት። ነገር ግን ሊወድቅ የደረሰ ድንጋይ ከግርጌ ገመድ የያዘውን ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ እርሱን ማንሳት ግዴታ ነው። በአፋፉ ላይ ባሉ ዛፎች ገመድ እያሰሩ ልጣጣቸውን ከመፋቅ ይልቅም፣ ባለመሬቱ ከፈቀደ፣ በድንጋዩ ላይ ቋሚ የብረት ማሰሪያ መትከል ጉዳቱን ይቀንሳል። በተቃራኒው አንዲት ቅጠል ያልነቀለ ሰው ሊያጠፋ ይችላል፤ በዌልስና በስኮትላንድ በበረዶው ወቅት የሚወጡ ሰዎች አፈሩ በደንብ ሳይረጋ፣ ማለትም ሳይቀዘቅዝ፣ የበረዶ መጥረቢያቸውን ቢሰኩበት ከነተክሉ ተገንጥሎ ይወርዳል።

በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል ከተማ ባለው የኤቨን ገደል፣ ከዚያ ሌላ በዓለም የትም የማይበቅል የዛፍ ዝርያ አለ፤ ሌሎችም ብርቅ ዕፅዋት ይገኛሉ። እነዚህን የሚያስፈራራቸው ገደል ወጪ ብቻ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃን የሚከለክላቸው ቁጥቋጦም ነው። ስለዚህ በ2011 በገደሉ አንድ ሸለቆ ውስጥ ፍየሎች ተለቀቁ። እኛ አገር ፍየል የተራቆተ ተራራ ሁሉ ተከሳሽ ናት፤ እዚያ ግን ቁጥቋጦውን እየበላች ለብርቆቹ ዕፅዋት ፀሐይ እንድትከፍት ተመድባለች።