የወረዳ ምክር ቤት አባላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የወረዳችሁ ዋና አስተዳዳሪ ማን ነው ብትባሉ ስሙን ወዲያው ትጠራላችሁ። መኪናውንም ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ቀበሌያችሁን ወክሎ የወረዳው ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጠውስ ማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል። የሚገርመው፣ ተመራጩ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። ዕድር ላይ የምንገናኘው፣ ገበያ ስንወርድ ሰላም የምንለው ሰው ነው። ሥራውን ስለማናውቀው ግን አንዴ ከአቅሙ በላይ እንለምነዋለን፣ አንዴ ደግሞ «ምን ሊፈይድ!» ብለን እንተወዋለን። በገጠር ወረዳዎች ስለ እነዚህ ተመራጮች የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«ምክር ቤቱ የአስተዳዳሪው ነው»

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዋና አስተዳዳሪውን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። የግብርና፣ የትምህርት፣ የጤና፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም አስተዳዳሪው አቅርቧቸው ምክር ቤቱ ሹመታቸውን ያጸድቃል። ዝርዝሩ በየክልሉ ሕገ መንግሥት ሊለያይ ይችላል፣ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። ስብሰባውን የሚመራው አስተዳዳሪው አይደለም፤ አፈ ጉባኤው ነው። አስተዳዳሪው እዚያ አዳራሽ የሚገኘው ሪፖርት ሊያቀርብና ሊጠየቅ ነው።

ግራ የሚያጋባው ካቢኔው ነው። አስተዳዳሪውና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎቹ አንድ ላይ የሚቀመጡበት አካል በወረቀት ላይ «የአስተዳደር ምክር ቤት» ይባላል። ቀበሌ ላይ «ምክር ቤቱ ወስኗል» የሚል ደብዳቤ ሲነበብ የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ካቢኔው ነው። የመረጣችሁት ሰው ስለዚያ ውሳኔ ከእናንተ ኋላ ሊሰማ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር፣ በተግባር ያለው ሌላ መልክ አለው። አስተዳዳሪው በአብዛኛው የገዢው ፓርቲ የወረዳው አመራርም ነው። ተመራጩም የዚያው ፓርቲ አባል ነው። በፓርቲው ስብሰባ ላይ የሚገመግመውን ሰው፣ ምክር ቤት ገብቶ በጥያቄ ማፋጠጥ ለማንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሪፖርቱ ይነበባል፣ ጥቂት አስተያየት ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። ይህ ግን የልማድ ችግር ነው። ሕጉ የሰጠው ሥልጣን እዚያው አለ።

«በጀቱ ከላይ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ እነሱ እጅ ከማውጣት በቀር ምን አላቸው?»

ከሁሉም በላይ ተመራጩን ከንቱ የሚያደርገው ይህ አስተሳሰብ ነው። ግማሹ እውነት መሆኑ ደግሞ ነገሩን አክፍቶታል።

የወረዳው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ከክልሉ የሚመጣ ጥቅል ድጎማ ነው። ይህ አሠራር የተስፋፋው በ1994 ዓ.ም. አካባቢ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድ ነው። ጥቅል መባሉ ለምን ለምን እንደሚውል ወረዳው ራሱ እንዲያከፋፍለው ስለታሰበ ነው። ከዚህ ላይ ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው ይጨመራል፤ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግብርና ሥራ ገቢ ግብርና የመሳሰለው።

ችግሩ፣ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው መከፈል አለባቸው። ለግንባታና ለመሳሰለው የካፒታል ሥራ የሚተርፈው ትንሽ ነው። «ታዲያ ምን ይወሰናል?» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ ክርክሩ መኖር ያለበት ያቺ ትንሿ ላይ ነው። ምንጭ ይጎልብት ወይስ የመማሪያ ክፍል ይሠራ? የትኛው ቀበሌ ይቅደም? ጤና ጣቢያው መድኃኒት ያጣው በበጀት እጥረት ነው ወይስ ግዢው ስለዘገየ? እነዚህን አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው አይወስንም።

አንድ ተመራጭ አዳራሹ ውስጥ ተነሥቶ እንዲህ ቢል አስቡት፦ «ባለፈው ዓመት ለእኛ ቀበሌ ምንጭ ማጎልበቻ ተብሎ ገንዘብ ተይዞ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ሥራው ተጠናቋል ይላል። ውኃው ግን ቧንቧው ጫፍ አልደረሰም። ርክክቡን የፈረመው ማን ነው?» ይህ ጥያቄ ጩኸት አያስፈልገውም። ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ ግን የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው በሚቀጥለው ጉባኤ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። ተመራጩ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል የሚያጣራው በዓይኑ ስላየ ነው። ምንጩ ያለው እሱ መንደር ነው።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ምክር ቤቱም በጀቱን የሚያጸድቀው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ተመራጩን ማግኘት ያለባችሁ በበልግ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ግንቦት ላይ። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ መስከረም ላይ ተሰብስቦ መውቀስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በብዙ ወረዳዎች የገንዘብ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ የወረዳውን በጀትና ወጪ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ሰው ሳያነበው ያልፋል። እዚያ ላይ ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት እንደተያዘ ተጽፏል። ፎቶ አንስታችሁ ለተመራጩ ብትልኩለት ራሱም ሊጠቀምበት ይችላል።

«ደመወዝ ይበላሉ»

አይበሉም፤ ቢያንስ አብዛኞቹ። አፈ ጉባኤውና ጥቂት የሙሉ ጊዜ ተሿሚዎች ደመወዝ አላቸው። ሌላው አባል ገበሬ ነው፣ መምህር ነው፣ ነጋዴ ነው። ምክር ቤቱ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ሲሰበሰብ ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ የሚሰጠው አበል ብዙ ጊዜ ከትራንስፖርትና ከምሳ አያልፍም። በእርሻ ወቅት ስብሰባ ሲጠራ የሚቀሩት ስላልፈለጉ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«ዲግሪ የሌለው ምን ይናገራል?»

የምርጫ ሕጉ ለዕጩነት ዲግሪ አይጠይቅም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ (ቁጥር 1162) መሠረት ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በግል መወዳደርም ይቻላል። ዳኛ፣ ፖሊስ ወይም ወታደር ግን ዕጩ ሲሆን ሥራውን መልቀቅ አለበት።

ትምህርቱ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በቁጥር የታጨቀ ሪፖርት ለማያነብ ሰው ከባድ ነው። ሰነዱ ስብሰባው በሚጀመርበት ጠዋት የሚታደልበት አሠራር ደግሞ ፒኤችዲ ላለውም አይበጅም! በየቀኑ ውኃ የምትቀዳ እናት ግን የቧንቧውን ጉዳይ ከመሐንዲሱ ባልተናነሰ ታውቀዋለች። በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎች ሴቶች በብዛት ገብተዋል። ቁጥሩ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ ዕድል አግኝተው ሲናገሩ መደመጣቸው ሌላ ነው።

«የመሬት ክርክሬን ያስፈጽምልኛል»

እዚህ ላይ ጋሼ ተመራጭ ደጃቸው ሲጠና ይውላል። አንዱ የድንበር ክርክር ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ልጇን እንዲያስቀጥሩላት ትጠይቃለች። «እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ያልቃል» ይባላሉ።

አያልቅም። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ የምክር ቤት አባል መንካት አይችልም፤ የዳኝነት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው። ቅጥርም በማስታወቂያና በውድድር ነው። ተመራጩ ስልክ ደውሎ ቢያስቀጥር ውለታ ሳይሆን ጥፋት ነው የሠራው።

ማድረግ የሚችለው ሌላ ነው። የአንድ ሰው ይዞታ ደብተር ቢዘገይ የባለሙያው ስንፍና ሊሆን ይችላል። የሠላሳ ሰው ደብተር አንድ ቢሮ ውስጥ ዓመት ከተኛ ግን የአሠራር ችግር ነው። ያንን የጽሕፈት ቤቶችን ሥራ ለሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አቅርቦ «የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይምጣና ያስረዳ» ማለት ይችላል። ስለዚህ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ስምና ቀን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። የግል በደል ደርሶባችሁ በአስተዳደር በኩል መፍትሔ ካጣችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ።

«ዞኑም እንዲሁ የተመረጠ ምክር ቤት አለው»

እንደ ቦታው ነው። በአማራ ክልል ለምሳሌ እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ምክር ቤት አላቸው። ሌሎቹ የክልሉ ዞኖች ግን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ናቸው እንጂ በምርጫ የቆመ ምክር ቤት የላቸውም። ስለዚህ ወረዳ ላይ ያልተመለሰ የተመራጭ ጥያቄ ወደ ዞን ሲላክ የሚያገኘው ተሿሚ ነው።

«አልመረጥኩትምና አይወክለኝም»

ድምፅ የሰጠውንም ያልሰጠውንም፣ ሌላ ፓርቲ የሚደግፈውንም ይወክላል። ይህን ማለት ቀላል ነው። ቅሬታው ግን መሠረት አለው። በሚያዝያ 2005 የተደረገው የአካባቢ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ያገለሉበት ስለነበር ወንበሩ ከሞላ ጎደል በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ገባ። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ቀጣዩ ምርጫ ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። በሰኔ 2013 የተካሄደው ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች፣ እንዲሁም ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር፤ ወረዳንና ቀበሌን አልነካም። በመሀል በ2012 ኢሕአዴግ ከስሞ ብልጽግና ተተካ። በብዙ አካባቢ በኢሕአዴግ የንብ ምልክት የተመረጠ ሰው ምልክቱ አምፖል በሆነው በብልጽግና ስም ወንበሩ ላይ ቀረ። አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ ከተማ ገብቷል፣ አንዳንዱ በዚያው አለ። «ማን መረጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ቢኖር አይፈረድበትም፤ ያኔ ልጅ ነበር።

ይህ ማለት ግን ያሉት አባላት የሚጠየቁበት መንገድ የለም ማለት አይደለም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። «አንዴ ከገባ ማን ይነካዋል» የሚለውም ስለዚህ ልክ አይደለም። አካሄዱ ረጅም ነው፣ ሲሠራበትም ብዙ አይታይም።

«ማን እንደሆነ እንኳ የት አውቄ?»

የወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት የአባላቱን ስም ከነቀበሌያቸው ይዟል። ብዙ ጊዜ ከአስተዳደሩ ግቢ አንድ ጥግ ላይ ናት፤ «አፈ ጉባኤ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ቢሮ። ገብታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቀበሌያችን ተወካዮች እነማን ናቸው፣ በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አሉ፣ የሚቀጥለው ጉባኤ መቼ ነው። «ለምን ፈለጋችሁት?» ከተባላችሁ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ጉባኤው በመርህ ደረጃ ክፍት ስለሆነ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማዳመጥ ይቻል እንደሆነም እዚያው ጠይቁ፤ ከቻላችሁ የሐምሌውን አያምልጣችሁ።